ከግላሱ ሥር ያለው ጀርባ

ዳማ ሰው መናከስ ጀመረ። ልዕልት መፍታት የፈለገችው ችግር ይኸው ነበር፤ ሌላው ጣጣ ሁሉ፣ ጭቅጭቁም ኩርፊያውም የኮርቻው ስርቆትም፣ ከዚህ የመጣ ነው።

ዳማ ደግ ፈረስ ነው። ዕድሜው ወደ ሃያ የተጠጋ፣ ሰፊ ደረት ያለው ቀይ ቡናማ፣ ኳርተር ሆርስ የሚባለው የአሜሪካ ዝርያ ሲሆን አትላንታና ዙሪያዋን ሙሽራ ተሸክሞ ሲዞር ኖሯል። ከበሮ ሲመታ አይደነግጥም፤ ሕፃናት በሆዱ ሥር ሲሹለከለኩ ዝም ብሎ ያያል። ያ ፈረስ ነው እንግዲህ ኮርቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ባየ ቁጥር ጆሮውን ወደ ኋላ መለጠፍ የጀመረው። ግላሱ፣ ከኮርቻው ጋር የሚነጠፈው ጌጠኛ ጨርቅ፣ ጀርባው ላይ ሲያርፍ ጭራውን ይወነጭፋል። የሆዱ ማሰሪያ ሲጠብቅ ደግሞ አንገቱን ጠምዝዞ ያገኘውን ይነክሳል። አንድ ቅዳሜ ያገኘው የባለቤቱን የጋሽ ዘገዬን ክንድ ነበር።

«ጠግቦ ነው!» አሉ ጋሽ ዘገዬ ክንዳቸውን እያሹ። «እይው እስቲ ሆዱን! ይበላል፣ ይተኛል፣ ሪታየር ያደረገ ሰው ነው የሚመስለው። ጥጋብ ነው ልዕልቴ፣ ሌላ ምንም አይደለም።»

«በጣም ነከሰዎት?»

«ቀመሰኝ እንጂ መች ነከሰኝ!»

ልዕልት ሳቀች። ያን ቀን እሷም ጥጋብ ነው ብላ አምና ነበር።

ልዕልት የጋሽ ዘገዬ የእህት ልጅ ናት። ዕድሜዋ ከአርባ ትንሽ አልፏል። የምትኖረው አቮንዴል እስቴትስ አጠገብ፣ የምትሠራው ደግሞ ሳንዲ ስፕሪንግስ ውስጥ ባለ የተሃድሶ ማዕከል ነው፤ ዳሌያቸው የተሰበረ፣ ስትሮክ የመታቸው፣ ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ የቆዩ ሰዎችን እንደገና በእግራቸው ማቆም ሥራዋ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከስቶን ማውንቴን አለፍ ብሎ ወዳለው የአጎቷ መሬት ሄዳ ፈረሱን ታጥባለች፣ ታበጥራለች፣ ጋጣውን ታጸዳለች። ማንም አላስገደዳትም፤ ደስ ይላታል። ቁጡ መሆኗን ዘመድ ሁሉ ያውቃል። ቁጣዋ ግን የጩኸት አይደለም። ስትናደድ ድምጿ ዝቅ ይላል፣ አክብሮቷ ይጨምራል። ቤተሰቡ «ልዕልት 'እባክዎን' ካለች ሽሹ» ይላል።

ጋሽ ዘገዬ እንጅባራ አካባቢ ፈረስ ላይ ያደጉ ሰው ናቸው። እዚህ ለብዙ ዓመት ኤርፖርት ታክሲ ነድተው፣ መሬቱን ገዝተው፣ ዳማንም ገዙ። አንድ ጊዜ አገር ቤት ሲሄዱ ዘመዶቻቸው ኮርቻ ሸለሟቸው፦ ከእንጨት የተጠረበ፣ ቀይ ቆዳ የለበሰ፣ ፊትና ኋላው በነሐስ ያጌጠ። ጆርጂያ ውስጥ እንዲህ ያለ ኮርቻ ያለው ሌላ ሰው የለም፤ ጋሽ ዘገዬም ይህን የማይነግሩት እንግዳ የለም። ሙሽራ በዚያ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ወደ አዳራሽ በር ሲጠጋ ስልክ የማያወጣ ሰው አይገኝም።

ሰዉም ፈረሱን ያደንቃል። እኛ ዘንድ የወፈረ ሰው «ተመችቶሃል፣ አምሮብሃል» ይባል የለ? ለፈረስም ያው ነው። «እንዴት ያለ ድልብ ነው! አሜሪካ ተስማምቶታል!» ይላሉ። ጋሽ ዘገዬ ይኩራራሉ፤ በማግስቱም አንድ ጣሳ መኖ ይጨምራሉ።

ነገሩ የተገለጠው በእጥበት ነው። ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ሙቀቱ ሲብስ፣ ልዕልት ዳማን ከዛፍ ጥላ ሥር አስራ በጎማ ውሃ ለቀቀችበት። ጠጉሩ ረጥቦ ከቆዳው ጋር ሲጣበቅ፣ ከትከሻው አጥንት በስተጀርባ አንድ ጥላ ታያት። ቆሻሻ መስሏት በእጇ ጠረገችው። አልጠፋም። መዳፏን አስጠግታ ብትጫን እጇ ገባ። ሞልቶ መገኘት የነበረበት ሥጋ የለም፤ በቦታው ጎድጎድ ያለ ሰርጓዳ አለ። በቀኝ በኩል ይብሳል። ጣቷን ወደ ላይ ስትስብ የአከርካሪው ጫፍ እንደ ቤት ክዳን አፋፍ ጠርዝ አውጥቶ አገኘችው። ትንሽ ስትጫነው ፈረሱ ጀርባውን ወደ ታች ሰበቀ፤ ራሱንም ወደ እሷ ወረወረ። አልነከሳትም። አፉን ከፍቶ አጠገቧ አቆመው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል፤ የታሪኩ ቁልፍ ስለሆነ። ስብና ጡንቻ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስብ ከሥራ በላይ ከሚበላ ምግብ የሚጠራቀም ስንቅ ነው፤ ፈረስ ላይ ጎድኑን ይሸፍናል፣ በጋማው ሥር ይቆለላል፣ ጭራው መነሻ ላይ ይለሰልሳል። ጡንቻ ግን በሥራና በተስማሚ ምግብ ይገነባል፤ በሕመም፣ በዕድሜ፣ ያለ ሥራ በመቆምና በማያቋርጥ ጫና ይመነምናል። ስለዚህ አንድ ፈረስ በአንድ ጊዜ ወፍራምም የመነመነም ሊሆን ይችላል። ሆዱን ብቻ የሚያይ ሰው «ተመችቶታል» ይላል። ሚዛን ላይ ቢያቆሙትም አይረዳም፤ ሚዛን ስንት እንደሚከብድ እንጂ ክብደቱ ከምን እንደሆነ አይናገርም።

ልዕልት ይህን በሰው ላይ በየሳምንቱ ታያለች። ግዙፍ ሰውዬ ለብዙ ጊዜ አልጋ ላይ ቆይተው ይመጣሉ፤ ቤተሰባቸው «እንኳን አልከሱም» ብሎ ያመሰግናል፤ እሷ ግን ጭናቸውን ስትይዝ በለስላሳው ሥር የሚገፋ ነገር አታገኝም። በሰው ላይ የምታውቀውን በፈረስ ላይ እስከዚያ ቀን አላሰበችውም ነበር። ጎማውን ዘግታ፣ ጠጉሩ እስኪደርቅ አጠገቡ ቆማ፣ «ጥጋብ!» አለች ለራሷ። «ጥጋብ አሉት!» ንዴቷ የተነሣው ያኔ ነው።

የፈረስ ሐኪም ጠራች። የመጣችው ሴት ቦት ጫማዋ ጭቃ የጠገበ፣ ረጋ ያለች አሜሪካዊት ነበረች፤ ልዕልት ጥያቄ ባዥጎደጎደች ቁጥር ፊቷ እየበራ ሄደ። ዘዴውን ከመጀመሪያው ጀምራ አሳየቻት፤ ዘዴው ደግሞ በውነት የሚያስደስት ነው።

መጀመሪያ ፈረሱን ደልዳላ መሬት ላይ ያቆሙታል፤ አራቱም እግር እኩል ይሸከም፣ ራሱም ወደ ፊት ቀጥ ይበል። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ካዞረ የጀርባው ቅርጽ ይለወጥና ዓይንን ያታልላል። ከዚያ ከጎን ያዩታል፤ ከኋላም፣ ርግጫ ከማይደርስበት ርቀት፣ ያዩታል። የዳሌው ሁለት ጎን እኩል ክብ ነው ወይስ አንዱ እንደ ጣሪያ ወርዷል? ዓይን ከጨረሰ እጅ ይቀጥላል። መዳፍን ከአንገት ጀምሮ በትከሻው ጉብታ፣ በጀርባው፣ በወገቡ እስከ ታፋው ድረስ መሳብ ነው፤ በግራ የተነካው ሁሉ በቀኝም ይነካል። ስብ ከጣት ሥር እንደ ስፖንጅ ዝቅ ይላል። ጤነኛ ጡንቻ ሲጫኑት እሺ ይልና መልሶ ይገፋል። የታመመ ጡንቻ እንደ ጣውላ ይደርቃል። የመነመነው ደግሞ እጅን ወደ አጥንቱ ያስገባዋል።

ለስቡ አንድ ነጥብ ይሰጣል፤ ለጡንቻው ሌላ፤ ሁለቱ አይደባለቁም። ለጡንቻው አንገት፣ ጀርባና የኋላ ክፍል ለየብቻ ከአንድ እስከ አራት ይመዘናሉ፦ አንድ ምንም አልጎደለውም፣ አራት አጥንቱ አፍጦ ወጥቷል ማለት ነው። የዳማ አንገትና ታፋ ሁለት አገኙ። ጀርባው ሦስት። ሐኪሟ በሽማግሌ ፈረሶች ላይ ሆድ እያሳበጠ ጀርባ የሚያመነምን የዕጢ በሽታ አለ ብላ ደም ወሰደች፤ ውጤቱ ነጻ ሆነ። ጥርሱንም ኮቴውንም አየች፤ ደህና ናቸው። ከዚያ «ኮርቻውን አምጪልኝ» አለች።

ልዕልት አመጣችው። ሐኪሟ በነሐሱ ተገርማ ከዳሰሰችው በኋላ ገልብጣ ሆዱን አየች። እንደ ልብ የሚታጠፍ ዘንግ ከትከሻው ጀርባ ፈረሱ ላይ አስደግፋ ቅርጹን ወሰደች፤ ልዕልት ያንን ካርቶን ላይ ስላ በመቀስ ቆረጠችው። ካርቶኑን በኮርቻው ሁለት እንጨቶች መካከል ለማስገባት ሞከረች። አልገባም። የመነመነው ጀርባ እንኳ አልገባም።

ጋሽ ዘገዬ ስለ ፈረስ የማያውቁ ሰው አይደሉም። የሚያውቁት ፈረስ ግን የደጋ ፈረስ ነው፤ ትንሽ፣ ጠባብ ጀርባ ያለው። ኮርቻው የተጠረበው ለእሱ ነው፤ ለእሱ ልክ ነው። በሰፊው ዳማ ላይ ሲቀመጥ ግን እንጨቶቹ ከትከሻው በስተጀርባ እንደ መቆንጠጫ ይይዙታል። ሙሽሮቻችን ደግሞ ፈረስ ላይ ወጥተው አያውቁም። ካባ ለብሰው በግራ እርካብ ተንጠልጥለው ነው የሚወጡት፤ ኮርቻው ወደ ግራ ሲሳብ የቀኙ እንጨት የትከሻውን ጉብታ ይጫናል። ቀኙ የባሰው ለዚህ ነው። ይህ ሁሉ በግላሱ ተሸፍኖ፣ ከላይ ነሐሱ እያበራ፣ እልል እየተባለ!

ልዕልት ማታውኑ ለአጎቷ ነገረቻቸው። ጋሽ ዘገዬ አዳመጡ፤ ከዚያም መፍትሔ ያሉትን አመጡ።

«ከቆረቆረው ብርድ ልብስ እንደርብለታለን።»

«ጋሼ፣ ጫማ ጠቦዎት ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ሁለተኛ ካልሲ ደረቡበት?»

«ፈረስ እግር አይደለም!» ተቆጡ። «እኔ ፈረስ ላይ ሳድግ አንቺ የት ነበርሽ? አንዲት ፈረንጅ መጥታ በካርቶን ለካችና ኮርቻዬ ላይ ክስ አቀረባችሁበት!»

«ሐኪሟ ማንም እንዳይወጣበት ብላለች። እስኪያገግም። ሐምሌ ላይ ለኤልቃና ሠርግ ዳማ እንደማይመጣ ይንገሯቸው።»

«እሺ» አሉ። «እነግራቸዋለሁ።»

ልዕልት አመነች።

ኤልቃና የቤተሰቡ ወዳጅ የወይዘሮ ዘውድነሽ ልጅ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ፒችትሪ ኮርነርስ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ ሳቂታ ልጅ። ሠርጉ በሐምሌ ሙቀት ነበር። ልዕልት የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ፓርክ አድርጋ ስትወርድ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ጫፍ ላይ የአጎቷ የፈረስ ማጓጓዣ ትሬይለር ቆሟል። ከጎኑ ዳማ አለ። ግላሱን ለብሷል፤ ኮርቻው ተጭኖበታል፤ ከኮርቻው ሥር የሁለት ብርድ ልብስ ጠርዝ ወጥቶ ይታያል።

ተረከዟን እያጋጨች ደረሰች።

«ጋሼ፣ እባክዎን ይህን ኮርቻ ያውርዱ።»

ጋሽ ዘገዬ ዓይናቸውን ወደ ሰው አዞሩ። «ድምፅሽን ቀንሺ።»

«ድምፄ ዝቅ ያለ ነው። እባክዎን።»

«ቃሌን ሰጥቻለሁ ለሴትየዋ! ደርቤለታለሁ፣ አላየሽም? አምስት ደቂቃ ነው!»

ወይዘሮ ዘውድነሽ በወርቅ ጥልፍ ደምቀው መጡ። «ምን ሆናችሁ? ካሜራው እየጠበቀ ነው!»

«እትዬ፣ ፈረሱ ታሟል።»

«ይኼ ነው የታመመው?» የዳማን ሆድ መታ መታ አደረጉ። «ምነው እኔን እንዲህ ባመመኝ! ልዕልትዬ፣ ቀንተሽ እንዳይሆን፤ ላንቺም እግዜር ያመጣል።»

ከኋላቸው ያሉት ሴቶች ሳቁ። ኤልቃና በካባው ውስጥ ላብ በላብ ሆኖ ቆሟል። «ላይክ… ሲሪየስሊ ታሟል? አጎቴ፣ ኢዝ ኢት ኦኬ?» ብሎ ጋሽ ዘገዬን ጠየቀ። ጋሽ ዘገዬ እርካቡን ይዘው «ውጣ የኔ ጀግና!» አሉት። ከበሮው ተመታ። ልጁ በግራ በኩል ተንጠለጠለ፤ ኮርቻው ወደ ግራ ተሳበ፤ ዳማ ጆሮውን ለጠፈ፤ እልልታው ቀለጠ። ልዕልት በሰው መሃል ገብታ ልጓሙን መያዝ ትችል ነበር። አልያዘችም። የሙሽራ እናት ፊት፣ የቄስ ፊት፣ የካሜራ ፊት። ፈረሱም አላጠፋም፤ አንገቱን ወደ ሰማይ አንስቶ፣ ጀርባውን ሰብቆ፣ አጭር አጭር እየረገጠ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ደረሰ። ቪዲዮው ላይ ኩሩ ይመስላል። ሰው «ግርማ ሞገሱ!» ብሎ ጻፈበት።

ሁሉም ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ ኮርቻውን ያወረደችው ልዕልት ናት። ከሥሩ ያየችው ነገር ግልጽ ነበር። ኮርቻ በእኩል ካረፈ፣ በዚያ ሙቀት፣ ከሥሩ ያለው ጠጉር ሁሉ እኩል ይረጥባል። ከመጠን በላይ የተጫነ ቦታ ላይ ግን ላብ አይወጣም። የዳማ ጀርባ በሙሉ በላብ ጠቁሯል፤ ከትከሻው በስተጀርባ ግን፣ ግራና ቀኝ፣ መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ደረቅ ቦታዎች ቀርተዋል። የቀኙ ሰፊ ነው። በትክክል ሰርጓዳው ያለበት ቦታ።

ልዕልት ፈረሱን አጠጣች፣ ጥላ ውስጥ አሰረች። ከዚያ ኮርቻውን ከነነሐሱ ተሸክማ በሐበሻ ቀሚሷ ፓርኪንጉን አቋረጠች፣ የመኪናዋን የኋላ ትራንክ ከፍታ ወረወረችው፣ ድግሱን ትታ ሄደች።

ስልኩ የጮኸው ገና አይ-285 አውራ ጎዳና ላይ ሳለች ነው።

«ሌባ!» አሉ ጋሽ ዘገዬ። «ከሠርግ ቤት ኮርቻ ሰርቆ የሚሄድ ሌባ ዛሬ አየሁ!»

«ሰርቄያለሁ» አለች ልዕልት። «ፖሊስ ይጥሩ እባክዎን። ስፔሊንጉን ከፈለጉ እነግርዎታለሁ።»

«መልሺልኝ ብያለሁ!»

«ዳማን ዳስሰው ሲጨርሱ እመልሳለሁ። ይምጡና ጀርባውን በእጅዎ ይንኩ። ሆዱን አይደለም። ጀርባውን።»

ዘጉባት። ወይዘሮ ዘውድነሽም ደወሉ፤ በልጃቸው ሠርግ ላይ ምቀኛ ገባ ብለው ብዙ ተናገሩ። ልዕልት ሁሉንም አዳምጣ «አመሰግናለሁ፣ እንኳን ደስ ያለዎት» ብላ ዘጋች። ቤቷ ደርሳ ኮርቻውን ሳሎኗ ውስጥ፣ ሶፋው ላይ አስቀመጠችው። ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ስትመለስ ባየችው ቁጥር ደሟ ይፈላ ነበር። ከሁሉ በላይ ያናደዳት የአጎቷ ውሸት አልነበረም። አንድ ፍጡር ባለው ቋንቋ ሁሉ፣ በጆሮ፣ በጭራ፣ በጥርስ፣ ያመኛል ሲል ሁሉም ሰው ጠግቦ ነው ማለቱ ነበር።

ጋሽ ዘገዬ ቅዳሜ እንደምትመጣ ያውቃሉ፤ በሩን አልዘጉባትም። አጥሩ ላይ ተደግፈው፣ ሰላምታ ሳይሰጡ፣ ሲያዩዋት ቆዩ። እሷም ዳማን አቁማ እጇን መሳብ ጀመረች፣ ከአንገት ወደ ኋላ። በሦስተኛው ቅዳሜ ገደማ ጋሽ ዘገዬ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ምን እያሸሽ ነው ዝም ብለሽ?»

«ይምጡ። ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ እኔን…»

«እባክዎን።»

መጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልዕልት መጀመሪያ መዳፋቸውን ጎድኑ ላይ አሳረፈችው፤ ለስላሳ፣ ጮማ። ፈገግ አሉ። ከዚያ ወደ ላይና ወደ ፊት ሳበችው፣ ከትከሻው በስተጀርባ። እጃቸው ሰርጓዳው ውስጥ ገባ። ፈረሱ ጀርባውን ሰበቀ። ጋሽ ዘገዬ ዓይናቸውን ሳይገልጡ በሌላ እጃቸው ግራውን ፈለጉ፣ አመዛዘኑ፣ ወደ ቀኝ ተመለሱ። የፈረስ ሰው እጅ ነው፤ ያገኘውን አይስትም።

«ይኼ ጎደሎ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«እና እስከዛሬ ዝም አልሽ?»

ልዕልት የያዘችውን ብሩሽ መሬት ላይ ጣለችው። ፈረሱ እንኳ ቀና አለ። «ዝም አልሽ ነው የሚሉኝ? ጋሼ፣ እባክዎን፣ ይህን ቃል መልሰው ይዋጡት!» ጋሽ ዘገዬ ይቅርታ የሚወጣቸው ሰው አይደሉም። ጎንበስ ብለው ብሩሹን አነሱ፣ አራገፉ፣ በቀኝ በኩል ማበጠር ጀመሩ።

አሁን ሥራው ጀርባውን መልሶ መገንባት ነው። ማንም አይወጣበትም። ጣፋጩ መኖ ቀርቷል፤ በምትኩ ለጡንቻ የሚሆን ፕሮቲን ያለው፣ አልፋልፋ የሚባል ድርቆሽ በልኩ ይሰጠዋል፣ በሐኪሟ ምክር። ልዕልት በቀስታ ዳገት ታስወጣዋለች፤ መሬት ላይ የተጋደሙ እንጨቶችን ታሻግረዋለች፣ እግሩን ሲያነሣ ሆዱና ጀርባው አብረው እንዲሠሩ። ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ታስኬደዋለች። ጣቶቿን ከደረቱ ሥር አድርጋ ቀስ ብላ ሽቅብ ስትጫን ዳማ ጀርባውን እንደ ድመት ከፍ ያደርጋል፤ ይህን ሲያደርግ ባየች ቁጥር እንደ ልጅ ትፈነድቃለች።

በየወሩ መጀመሪያ፣ ጠዋት ከመብላቱ በፊት፣ በዚያው ደልዳላ ቦታ፣ ከዚያው ርቀት ፎቶ ታነሳዋለች፤ ነጥብ ትሰጠዋለች፤ አዲስ ካርቶን ትቆርጣለች። በየቀኑ ብታየው ምንም አይታያትም፤ ጡንቻ ዝግ ያለ ነገር ነው፣ የለመደ ዓይን ደግሞ ይዋሻል። የሚለካውም ሁልጊዜ አንድ እጅ መሆን አለበት፣ የሷ። ስቡ ቀንሷል፤ ሰው አሁን ዳማን ሲያይ «ምነው ከሳ? ምን አደረጋችሁት?» ይላል። ልዕልት ይህን በሰማች ቁጥር ጥርሷን ታፋጫለች። የጀርባው ነጥብ በግራ ሁለት ሆኗል። በቀኝ አሁንም ወደ ሦስት ያደላል።

ኮርቻውም መፍትሔ አግኝቷል፣ ወይም ሊያገኝ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ኮርቻ ሠሪ፣ ቀዩን ቆዳና ነሐሱን አውልቆ ሰፋ ባለ እንጨት ላይ እንደሚሰፋው ነግሯቸዋል። ጋሽ ዘገዬ ለቆዳው መፈታት በብዙ ልመና እሺ አሉ። አሁን ጭቅጭቁ የጊዜ ነው። ጥር ሲመጣ ሠርግ ይበዛል፤ እሳቸው ዛሬውኑ ይሰፋ ባይ ናቸው። ልዕልት ደግሞ አይሆንም ትላለች። ዛሬ በዛሬው ጀርባ ልክ ከተሠራ፣ ጡንቻው ሲሞላ ያው መቆንጠጫ ይሆናል። ካርቶኖቹ መለወጥ እስኪያቆሙ መጠበቅ አለበት።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ካለፈው ወር ካርቶን የጀርባው ቅርጽ ተቆርጦ ከወጣለት በኋላ የቀረውን ክፍል አምጥታ ዳማ ጀርባ ላይ አስቀመጠችው። በግራ በኩል ሥጋው ካርቶኑን ገፍቶ አነሣው። በቀኝ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት የለም፤ ያው ነው፣ አልተነቃነቀም።

«ግራው አልፏል» አሉ ጋሽ ዘገዬ። «በቂ ነው። ለኮርቻ ሠሪው ልደውል?»

«ስልኩን ያስቀምጡ።»

«ስንት ጊዜ ነው ገና ገና የምትዪው? ሽማግሌ ነኝ፣ ሽማግሌ ነው፤ ማን ይጠብቅሻል?»

«እሱ ይጠብቀኛል። እርስዎ ገመዱን ላላ አድርገው ይያዙ እባክዎን፣ እግሩ ብቻ እንዳይነቃነቅ።»

ጋሽ ዘገዬ እያጉተመተሙ ያዙት። ልዕልት ከኪሷ አንገቱንና ጀርባውን የምታሳስብበትን ካሮት አወጣች። በግራ በኩል ወደ ጎድኑ ስታሳየው ዳማ አንገቱን አጥፎ እስከ ጎኑ ደርሶ ቆረጠላት። ወደ ቀኝ ዞረች። ካሮቱን እዚያው ርቀት ላይ፣ ጎኑ አጠገብ ያዘችው። ፈረሱ ዞረ፤ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ፤ እግሩን አንቀሳቅሶ ሊያታልል ሞከረ።

«ቅረቢለት እንጂ!» አሉ ጋሽ ዘገዬ። «ታሰቃዪዋለሽ!»

ልዕልት አልቀረበችም፤ ካሮቱንም አላራቀችም። ዳማ ከንፈሩን ዘርግቶ፣ ትንፋሹ እጇን እያሞቀ፣ የቀረችውን ርቀት እየሞከረ ነው።